ከሕንፃው በፊት የትምህርቱ መርሐ ግብር

(በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የትምህርት ቤት ግንባታ ዕቅድ ላይ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የትምህርት ቤት ግንባታ በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ክፍል ይሠራልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከችግር የተወለደ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ልጁ ጭቃው በረገፈ ቤት ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚማርበት ወላጅ ክፍል ቢቈጥር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። በዚህ ቤት ውስጥ እነማን፣ ምን ትምህርት፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ዓይነት መንገድ ይማራሉ? ይህ ሳይመለስ የተሠራ ሕንፃ ቆርቆሮው ከሩቅ ቢያበራም ለትምህርቱ ባዕድ ሆኖ ይኖራል። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተመርቆ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ የሆነ ክፍል ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሐሳብ ከባዕድ አገር አላመጣሁትም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሥፍራው የሚታዘዘው ለትምህርቱ ነው። በንባብ ቤት አንዱ ሕፃን ፊደል ሲቈጥር ባልንጀራው በዚያው ሰዓት ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በየደረጃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ የሚያስፈልገው በግድግዳ የተከፋፈለ ክፍል ሳይሆን መምህሩ ሁሉንም የሚሰማበት ሰፊ ጥላ ነው። የቅኔው ተማሪ ግን ጉባኤው ሲፈታ ብቻውን ፈቀቅ ብሎ የሚያስብበት ጸጥ ያለ ቦታ ይሻል። የቃል ትምህርት በሌሊት የሚካሄድ በመሆኑ የተማሪዎቹ ጎጆ ከመምህሩ ደጃፍ ብዙም አይርቅም። የጎጆውን ድህነት አላሞግስም፤ ብርዱንና ቁንጫውን የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነበር፤ ትምህርቱ ይቀድማል፣ ቤቱ ይከተላል።

በዘመናዊው ትምህርት ታሪካችንም ግንባታ በዕቅድ የተመራበት ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ መገባደጃ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታን የሚመራ ክፍል ተቋቁሞ፣ ደረጃውን በጠበቀ ንድፍና ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብና ጉልበት በየገጠሩ ብዙ ሺህ የመማሪያ ክፍሎችን ሠርቷል። ወደ አካባቢያችን ስንመለስ ካርል ሃይንዝ በም የመሠረቱት «ሰው ለሰው» ድርጅት በመርሐቤቴ በሠራባቸው ዓመታት ትምህርት ቤትን ከውኃ፣ ከመንገድና ከጤና ጋር አያይዞ ማቀድ እንደሚቻል አሳይቷል፤ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ለዚህ ምስክር ነው። እነዚህን የማነሣው ለውዳሴ አይደለም። ንድፍ ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ወጪን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የትምህርቱ አደረጃጀት ሲለወጥ ንድፉ ሳይመረመር እንደ ነበረ ከቀጠለ ጉዳቱ በልጆች ላይ ይወድቃል።

አደረጃጀቱም በእርግጥ ተለውጧል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 4ኛና ከ5ኛ እስከ 8ኛ ተብሎ በሁለት እርከን የተከፈለ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን ከ1ኛ እስከ 6ኛ የመጀመሪያ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ደልድሎታል፤ ከዚህ በፊትም የቅድመ አንደኛ ደረጃ አለ። በአንድ ቀበሌ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ለማስተማር በተሠሩ አራት ክፍሎች ላይ ይህን አስተያዩት። ሁለት የክፍል ደረጃ ተጨመረ፤ የስድስት ዓመት ሕፃናትም ወለሉ ላይ የሚጫወቱበትና ከታላላቆቻቸው ግፊያ የሚጠበቁበት የራሳቸው ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ደግሞ የሙያና የቴክኒክ ትምህርት፣ የኮምፒዩተር ትምህርትና ሳይንስ አሉ፤ እነዚህን በረድፍ በተደረደረ ዴስክና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር ትምህርቱን ስሙን ብቻ ማስቀረት ነው።

«ታዲያ ለእያንዳንዱ ክፍል እንሥራለት» የሚል ይኖራል። በጀታችን ይህን አይፈቅድም፤ አስፈላጊም አይደለም። እስቲ እንቍጠረው። ትምህርት ቤቱ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ቢያስተምርና የሳይንስ ሙከራ 8 ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢወስድ፣ ለሙከራ ብቻ የተሠራው ክፍል 22 ክፍለ ጊዜ ተቈልፎ ይውላል። ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ውኃና የሚቈለፍ ቁም ሣጥን ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ቢሠራ ግን ለሳይንሱም ለሙያውም ያገለግላል። በፈረቃም ረገድ እንዲሁ ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንዳንድ ምድብ ያለው ትምህርት ቤት በሙሉ ቀን ስድስት ክፍል፣ በሁለት ፈረቃ ሦስት ክፍል ይበቃዋል። ፈረቃ ለበግ ጠባቂው ልጅ እፎይታ ነው፤ የመማሪያ ሰዓቱን ግን ይቀንሳል። እኔ ሙሉ ቀንን እመርጣለሁ፤ ምርጫው ግን የመሐንዲስም የእኔም አይደለም፤ የወላጆችና የመምህራን ነው፤ ከንድፉም በፊት መወሰን አለበት።

ስለ አየሩ ብዙ እናገር ዘንድ ፍቀዱልኝ፤ ከሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ የሚጐድለው እርሱ ነውና። መሐል ሜዳና ራቤል ላይ ጠዋት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። በሞቃት አገር ነፋስ እንዲያስገባ ታስቦ የተነደፈ ሰፊ መስኮት በመንዝ ደጋ ላይ ሲተከል መምህሩ መዝጊያውን ለመዝጋት ይገደዳል፤ መዝጊያው ቆርቆሮ ከሆነም ክፍሉ ይጨልማል፤ ልጁ ወይ ይበርደዋል ወይ ሰሌዳውን አያይም። መስተዋት ያለው፣ የጠዋቱን ፀሐይ የሚቀበል መስኮት ከመብራት መስመር በፊት የሚመጣ መብራት ነው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ደግሞ የመምህሩ ድምፅ ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም፤ የበልግ ዝናብም የሚጥለው ትምህርት ሳይዘጋ ነው። ኮርኒስ የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ ከዝርዝሩ በመጀመሪያ ሲሰረዝ ሳይ አዝናለሁ፤ የሚሰረዘው የማዳመጫ ሰዓት ነውና። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ነፋስ ነው፤ የእንጨቱም ጠላት ምስጥ ነው። ስለዚህ ለመንዝ የተነደፈውን ለመርሐቤቴ ቆላ ገልብጦ መስጠት አይገባም። መንዝ ድንጋይና ድንጋይ ጠራቢ አላት፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብም ብርዱን ይከላከላል።

ያው ጣሪያ ውኃም ይሰጣል። አራት ክፍል ያለው ሕንፃ 220 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ አለው፤ በአንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ወደ 2,000 ሊትር ውኃ ይሰበሰባል። አሸንዳና ታንከር በመጀመሪያው ንድፍ ካልገቡ በኋላ የሚያስገባቸው አይገኝም። ውኃ ከሌለ የመጸዳጃ ቤት ነገር ከንቱ ነው። የወንዶችና የሴቶች መጸዳጃ ቤት ጀርባ ለጀርባ ተሠርቶ መዝጊያ ሲያጣ፣ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆቻችን በየወሩ ጥቂት ቀን እቤት ይውላሉ፤ ከዚያም ይቀራሉ። ስለዚህ ለሴቶች ልጆች የተለየ፣ የሚዘጋና መታጠቢያ ያለው ክፍል የትምህርቱ አካል ሆኖ ይቈጠርልን።

ሥፍራ መምረጥም ከትምህርቱ አይለይም። ክረምት ሲገባ ጅረት የሚሻገር ልጅ መምህሩ በክፍሉ ቢገኝም እርሱ አይገኝም። ዐቀበትና ቍልቍለቱን ሳንቈጥር ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት በእኛ አገር ያሳስታል፤ በእግር የሚወስደው ሰዓት ይለካ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተጐድተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ባለው አለመረጋጋትም በክልላችን ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መልሶ ግንባታ ሲታሰብ የፈረሰውን እንደ ነበረ ማቆም ይቀላል፤ ለጋሹም ይቸኩላል፤ የበጀት ዓመቱም ይገፋል። አንድ ጊዜ የቆመ ግንብ ግን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ያዘናል።

ጥገናውን ማን ይይዘዋል የሚለውንም አብረን እንወስን። የጓሳን ሣር ለቤት ክዳን የሚያጭደው የመንዝ ሕዝብ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋና በጊዜው እየከፈተ ጠብቆታል። ሰባራ መስኮትና የተነቀለ ቆርቆሮ የሚከታተል፣ የታወቀ ሰውና ጥቂት ገንዘብ ያለው ኮሚቴ ለመሰየም የዚህ አገር ሰው ትምህርት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። መሐንዲሱ ለልኬት ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አራት ነገር ጽፎ ያቅርብ፦ የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት የተማሪ ቍጥር በየክፍሉና በየጾታው፣ የሳምንቱን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ፣ የፈረቃውን ውሳኔ፣ እንዲሁም ልጆቹ ከየጎጡ በእግር የሚወስድባቸውን ሰዓት። ወረቀቱን ርእሰ መምህሩ ብቻውን አይሙላው፤ እናቶች ባሉበት ይነበብ። እኛም ንድፉን ይዘን ስንመለስ የምንጠየቀው በዚያ ወረቀት ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።