ከቦዩ ዳር የሚሄደው ባቡር



ዛሬ አብረን የምንሄደው ወደ አየርላንድ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

እስቲ አንዲት ወጣት በሐሳባችሁ ሣሉ። ዕድሜዋ 27፣ ሙያዋ ነርስ። ስም አላወጣሁላትም፤ እንደ እሷ ያሉት ብዙ ናቸውና የማንም ልጅ ትሁን። የምትኖረው ከደብሊን ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሙሊንጋር ከተማ፣ ከእናት ከአባቷ ቤት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ወላጆቿ እንዳይነቁ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ደረጃውን በካልሲ ትወርዳለች። ሻይ አፍልታ፣ ወተት ጠብ አድርጋ፣ ቆማ ትጠጣና ደብሊን ወዳለው ሥራዋ ለመሄድ በጨለማው ወደ ባቡር ጣቢያ ትገሰግሳለች።

የተነሣችበት አልጋ በ15 ዓመቷ የተኛችበት አልጋ ነው። ያኔ የለጠፈችው ፎቶ ከግድግዳው አልወረደም። መደርደሪያው ላይ ለሊቪንግ ሰርት ያጠናችባቸው ደብተሮች አሉ። ሊቪንግ ሰርት የእነሱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ አገር ምድሩ ስለ እሱ የሚያወራበት፣ ቤተሰብ ትንፋሹን ውጦ ውጤት የሚጠብቅበት። ይህን ጭንቀት ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ልጅቷ ፈተናውን አለፈች፤ አራት ዓመት ተምራ ተመረቀች፤ ደመወዝተኛ ሆነች። ሲመሽ የምትመለሰው ግን ወደዚያው ክፍል ነው።

በ2022 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ተደምሮ፣ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ከ522 ሺህ በልጠው ተገኙ። ይህ እንግዲህ 5.1 ሚሊዮን ሕዝብ ባለው አገር ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ እስኪያገባ ድረስ ከወላጁ ጋር ቢኖር የሚገርመው የለም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። እሷም እናቷን ጠልታ አይደለም የከፋት። ትዳር ብትይዝ የት ትገባለች? የወለደች እንደሆነስ? በ1991 ግማሽ ያህሉ አባወራና እማወራ የራሱ ቤት ባለቤት የሚሆነው በ26 ዓመቱ ነበር። በ2022 ቆጠራ ያ ዕድሜ 36 ደርሷል። አሥር ዓመት ሙሉ ከወጣትነት ላይ ተቆርሶ ሄዷል ማለት ነው። ልከራይ ካለች ደግሞ ደብሊን ቀርቶ በአገሪቱ ሁሉ አዲስ ለሚከራይ ቤት የሚጠየቀው በአማካይ በወር 2 ሺህ ዩሮ አካባቢ ነው።

እንዴት እዚህ ደረሱ? በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ በነበሩት ጥቂት ዓመታት አየርላንድ በፍጥነት በለጸገች። ባንኮች ያለ ልጓም አበደሩ፤ በየሜዳው ቤት ተሠራ። በ2008 ያ ሁሉ ተንኮታኮተ። በ2010 መጨረሻ መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅትና ከጥቂት የአውሮፓ አገሮች 67.5 ቢሊዮን ዩሮ ለመበደር ተገደደ። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ፈትቶ ተሰደደ። ለዓመታት የሚሠራው ቤት ከሚፈለገው እጅግ አነሰ። ኢኮኖሚው ሲያገግም ሥራው ተመለሰ፣ ሰው በዛ፣ ቤቱ ግን የለም። የኛይቱ ነርስ ባንኮቹ ሲወድቁ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች።

መንግሥቱ ድሃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገባት ነበር። በሴፕቴምበር 2024 የአውሮፓ ኅብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት አፕል ለአየርላንድ 13 ቢሊዮን ዩሮ ውዝፍ ግብር ከነወለዱ እንዲከፍል ፈረደ። አየርላንድ ራሷ፣ ለአፕል የተለየ ነገር አላደረግሁለትም ብላ፣ ለዓመታት ከኩባንያው ጎን ቆማ ስትከራከር ኖራለች። ገንዘቡ መጣ። እኔ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው አገር ለአንዲት ነርስ ማረፊያ ጣራ ማጣቱን ብዙ አሰብኩበት፤ ልቀበለው አልቻልኩም።

አሁን ወደ ባቡሩ እንመለስ፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር ስላለ ነው። ከሙሊንጋር ወደ ደብሊን የሚሄደው ሐዲድ ለረጅም መንገድ ሮያል ካናል ከሚባለው የውሃ ቦይ ጋር ጎን ለጎን ይጓዛል። የባቡር ኩባንያው በ1845 ቦዩን ገዝቶ ሐዲዱን በዳሩ ስለ ዘረጋ ነው። 1845 የድንች በሽታ አየርላንድ የገባበት ዓመትም ነው። የድሃው ምግብ ድንች ብቻ ነበር፤ ድንቹ እማሳው ላይ በሰበሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ስትሮክስታውን ከሚባል ርስት 1,490 ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነሡ። ባለርስቱ እነሱን ከመቀለብ መርከብ አሳፍሮ ወደ ካናዳ መስደዱ ረከሰለት። ልጆቻቸውን አዝለው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ በዚሁ ቦይ ዳር በእግራቸው ወደ ደብሊን ሄዱ። ከዚያ በሊቨርፑል በኩል ወደ ኩቤክ ተሳፈሩ። ብዙዎቹ በመርከቡ ላይና ከመርከቡ በወረዱበት የኳራንቲን ደሴት አለቁ። ዛሬ ያ መንገድ 165 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የመታሰቢያ የእግር ጉዞ መንገድ ሆኗል። በየቦታው ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ የሕፃን ጫማዎች ተተክለውበታል።

በ1841 በደሴቲቱ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበር። በረሃቡ ዘመን አንድ ሚሊዮን ያህሉ ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ተሰደደ። ሰሜኑም ደቡቡም ተደምሮ ደሴቲቱ ያን የሕዝብ ቁጥር እስከ ዛሬ አልመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ስደት የኑሮ ሥርዓት ሆነ። ልጅ አሜሪካ ሊሄድ ሲነሣ በዋዜማው ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሌሊቱን ሲጨፍርና ሲያለቅስ ያድር ነበር፤ እንደ ሞተ ሰው ለቅሶ። ተመልሶ እንደማይታይ ያውቁታልና። የቁም ለቅሶ ብንለው ቃሉ አያንስበትም።

ዛሬ መንገዱ ወደ አውስትራሊያ ዞሯል። እስከ ኤፕሪል 2024 በነበረው አንድ ዓመት 10,600 ሰዎች ከአየርላንድ ወደ አውስትራሊያ ሄደዋል፤ ከ2013 ወዲህ ይህን ያህል አልሄደም ነበር። በእርግጥ የሚመለሱም አሉ፤ በዚያው ዓመት 30 ሺህ ያህል አይሪሾች ወደ አገራቸው ገብተዋል። የልጅቷ ወንድም ሲድኒ ነው እንበል። እናቱ ሻንጣውን ስታዘጋጅ ባሪስ የሚባለውን ሻይ በፓኮ በፓኮ ከልብሱ መሀል ወሸቀችለት፤ የእኛ እናቶች በርበሬና ሽሮ እንደሚወሽቁት። በማለዳው ባቡር ላይ እሷ ስታንቀላፋ እሱ ዘንድ ሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ይደውላል። መቼ ነው የምትመጪው ይላታል።

ሌላም የሚከነክናት ነገር አለ። በአየርላንድ ሕግ ከአገር የወጣ ዜጋ በ18 ወር ውስጥ የመመለስ ሐሳብ ከሌለው የመምረጥ መብቱን ያጣል፤ ባለበት አገር ሆኖም ድምፅ መስጠት አይችልም። በ2015 ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ፣ በ2018 ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ መብቱ ገና በእጃቸው የነበረ ወጣቶች ከለንደን፣ ከቶሮንቶ፣ ከሲድኒ ሳይቀር የአውሮፕላንና የመርከብ ትኬት ቆርጠው ገቡ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዱ። ስለ ጉዳዮቹ ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን፤ ለአንዲት ወረቀት ብሎ ውቅያኖስ የሚሻገር ወጣት አገሩን ትቷታል ለማለት እኔ አልደፍርም።

አየርላንድና እኛን የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ሣጥን አለ። በዐቢይ ጾም ወራት ትሮኬር የሚባል የቤተ ክርስቲያን የርዳታ ድርጅት በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ የካርቶን ሣጥን ያድላል። ልጆች ከረሜላና ቸኮሌት ትተው ሳንቲሙን እዚያ ውስጥ ይጥላሉ። ሣጥኑ ላይ የአንድ ሕፃን ፎቶ አለ፤ አንዳንድ ዓመት ከኢትዮጵያ። እኛ በአገራችን አቆጣጠር የ77ቱ የምንለው ድርቅ ሥዕል ከኮረም በቴሌቪዥን ከወጣ በኋላ ለላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት ዓለምን ያስተባበረው ቦብ ጌልዶፍ አይሪሽ ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላም ከማንም በላይ የሰጠው የአየርላንድ ሕዝብ ነበር። የራሳቸው የረሃብ ዘመን ወሬ በቤታቸው ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ ነውና ሌላው ሲራብ ያማቸዋል። አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን አንድ የአየርላንድ ልጅ ስለ እኔ አገር የሚያውቀው የመጀመሪያው ነገር የተራበ ሕፃን ፊት መሆኑ ልቤን ይቆጠቁጠዋል። ሁለቱም ስሜት እውነተኛ ነው።

ልጅቷን የሚከነክናት የመጨረሻው ነገር ደግሞ ይኼ ነው። በኖቬምበር 23 ቀን 2023 በደብሊን መሀል ከአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አንድ ሰው ሕፃናትን በስለት ወጋ። ወጊው የውጭ ሰው ነው የሚል ወሬ ተናፈሰና ማታውን ከተማዋ ነደደች፤ አውቶቡስና ትራም ተቃጠለ፣ ሱቅ ተዘረፈ። ወጊውን በራስ ቁሩ መትቶ የጣለው ግን ምግብ የሚያደርስ ብራዚላዊ ሞተረኛ ነበር። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ "አየርላንድ ሞልታለች" የሚል መፈክር በየሰልፉ ይታያል። ነርሷ ይህን መፈክር የያዘ የትምህርት ቤት ጓደኛ አይታለች እንበል፤ እሱም እንደ እሷ ከእናቱ ቤት የሚያድር። ቁጣው ከየት እንደ መጣ ታውቀዋለች። የምትሠራበት ክፍል ግን ከህንድና ከፊሊፒንስ የመጡ ነርሶች ባይኖሩበት አንድ ሌሊት አያድርም። የ2022ቱ ቆጠራ ደግሞ ሰው የማይኖርባቸው ከ166 ሺህ በላይ ቤቶች ቆጥሯል።

ባቡሩ ደብሊን ሲገባ ነርሷ ኮኖሊ ጣቢያ ትወርዳለች። ከዚያ ወደ ወንዙ ጥቂት ደቂቃ ብትራመድ ከስተም ሃውስ ኪ የሚባለው የወንዝ ዳር አለ። ከ1997 ጀምሮ የነሐስ ሰዎች ቆመውበታል፤ አጥንታቸው የወጣ፣ ጥቅላቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ፣ አንዱ ልጅ በትከሻው የተሸከመ፣ ከኋላቸው አንድ ውሻ። በረሃቡ ዘመን ወደ መርከብ የሄዱት ናቸው። ነርሷ በመሀላቸው አልፋ ድልድዩን ትሻገራለች። ስልኳ ያንቃጭላል፤ ወንድሟ ነው። ሲድኒ መሽቷል። ሥራ ልገባ ነው፣ ማታ እደውልልሃለሁ ትለዋለች።