ካሴት፣ ዲስክ እና የትዝታ ዕድሜ



በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግና የበዓል ምስል የያዙ የቪዲዮ ካሴቶች ተቀምጠዋል። “ዲስክ ስለመጣ ካሴቱ ይጣል ወይ?” ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። መልሱ በሦስት መመዘኛዎች ይለያያል።

የመጀመሪያው የምስል ጥራት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው ቪኤችኤስ በአግድም የሚለየው ዝርዝር 240 መስመር ገደማ ነው። በ1993 የመጣው ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ስለሚይዝ ከካሴት ብዙም አይርቅም፤ አንድ ፊልምም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዲስክ ይፈጅ ነበር። ዲቪዲ ግን በፓል ሥርዓት 720 በ576 ነጥብ ያሳያል። በዚህ ረገድ ብልጫው የዲቪዲ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የካሴት ክር እርጥበት ይስባል፤ እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይሻግታል። ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ደግሞ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ በመሆኑ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። ልዩነቱ በአሟሟታቸው ላይ ነው፤ ካሴት ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ያረጃል፣ ዲስክ ግን ደኅና ውሎ በድንገት አልነበብም ይላል።

ሦስተኛው ማጫወቻው ነው። የመጨረሻው የዴክ አምራች ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ስለዚህ ጤነኛ ካሴት እንኳ አንባቢ አጥቶ ዲዳ ሊሆን ይችላል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የተመዘገበው እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ ብቻ ሳይሆን በባሌ ሥርዓትና በሶንጎ የሚኖረው ዕውቀትም ጭምር ነው። ይህን ዕውቀት የሚናገሩ አባቶች ድምፅ ምናልባት በአንድ የሠርግ ካሴት ጥግ ተቀርጾ ይሆናል፤ ካሴቱ ሲጠፋ ምትክ የለውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አታስገቡ፤ ሻጋታው ወደ ማንበቢያው ራስና ወደ ሌሎች ካሴቶች ይዛመታል። ጤነኛውን በቶሎ ገልብጡ፤ ቅጂውንም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አኑሩ። ከተገለበጠም በኋላ ዋናውን አትጣሉ። ከሁሉ በላይ፣ በምስሉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ መቼና የት እንደተቀረጹ የሚያውቁ ወላጆቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ። ፋይል ሊገለበጥ ይችላል፤ የማን ፊት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አይገለበጥም።