«ማኔጅመንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

(በቀድሞ ተመራቂዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ማኔጅመንት አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ከምሳ ሰዓት በፊት የሚያልቅ ርዕስ ፈለግሁ፤ ስለ ቃሉ ብቻ ልናገር ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዳንዶቻችን ማኔጅመንትን ተምረናል፣ አንዳንዶቻችን እናስተምራለን፣ ሁላችንም በየመሥሪያ ቤታችን ስሙን ስንጠራ እንውላለን። በአማርኛ ምን ይባላል ቢሉን ግን አንድ መልስ የለንም።

እስቲ እንቁጠር። የትምህርት ክፍሉ «ማኔጅመንት» ነው፤ ሥልጠናው «ሥራ አመራር»፤ ሰውየው «ሥራ አስኪያጅ»፤ ሠራተኛ የሚቀጥረው ክፍል «የሰው ሀብት አስተዳደር»። ቆሻሻ ሲሆን «አያያዝ»፣ ጊዜ ሲሆን «አጠቃቀም» እንላለን። ይህ የቋንቋችን ድህነት አይመስለኝም። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ሐሳብ አለው።

የእንግሊዝኛው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ «ማኔጃሬ» ነው፤ በተለይ ፈረስን በእጅ መያዝና መግራት ማለት ነበር። ሥሩ የላቲኑ «ማኑስ»፣ እጅ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 እ.ኤ.አ. ስለ ሳይንሳዊ ሥራ አመራር ሲጽፍ፣ ሄንሪ ፋዮልም በ1916 እ.ኤ.አ. የሥራ አመራርን ተግባራት ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ብሎ ሲዘረዝር፣ ልጓሙን የያዘው እጅ ከቃሉ ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም።

የእኛው «አስተዳደር» ሌላ መንገድ ነው የመጣው። ሥሩ «አደረ» ነው። ከእርሱ «ተዳደረ» ይወጣል። ሰውን «በምን ትተዳደራለህ?» ስንለው በምን ትኖራለህ ማለታችን ነው። ከዚያ «አስተዳደረ» ይመጣል። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት «አራት ልጆች የማስተዳድረው በዚህች ነው» ስትል ሰምታችኋል። ቢሮ የላትም፣ ማኅተም የላትም፤ አራት ሰዎች ግን በእርሷ ድካም በልተው ያድራሉ። በቤተ ክርስቲያንም የገዳሙን ንብረት የሚያስተዳድረው «መጋቢ» ይባላል፤ «ምግብ» ከሚለው ቃል ጋር ሥራቸው አንድ ነው። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ያስተዳደረ ሰው ሰው አብልቶ አሳድሯል ማለት ነው። «የመልካም አስተዳደር ችግር» የሚለውን ሐረግ በየስብሰባው ስንደጋግመው ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በመሥሪያ ቤቶቻችን «ማኔጅመንት» የሚለው ቃል ሰው ሆኗል። «ማኔጅመንቱ ወስኗል»፣ «ማኔጅመንቱ አልተቀበለውም»፣ «ማኔጅመንቱን ጠይቅ» ይባላል። ባለጉዳዩ ሄዶ ልጠይቀው ቢል በር የለውም፣ ስልክ የለውም፣ ፊርማውም «ለማኔጅመንቱ» የሚል ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ለውሳኔ መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል። የወሰነው ሰው ስም ከጠፋ፣ አቤቱታም ማረሚያም የት ይቅረብ?

ሁለተኛው ነገር ኪስ ይነካል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ነው፤ የሥራ ውሉ ጉዳይ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ይሄዳል። በአዋጁ የተቀመጡት የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ደንቦች ለእርሱ አይሠሩም። አዋጁ የሥራ መሪን ሲተረጉም የሚያየው ሥልጣኑን ነው፦ የሥራ አመራር ፖሊሲ ያወጣል፣ ያስፈጽማል ወይ? ይቀጥራል፣ ያዛውራል፣ ያግዳል፣ ያሰናብታል ወይ? በተመረቀ በዓመቱ «ማናጀር» የሚል ባጅ ያንጠለጠለ፣ አንድ ጥበቃ እንኳ መቅጠር የማይችል ልጅ ስንቱ ነው! ደመወዙ ላይ ብዙም ሳይጨመር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ ትርፍ ሰዓት ሲጠይቅ «አንተ እኮ ማኔጅመንት ነህ» ይባላል። ማዕረጉን ከመቀበሉ በፊት «ሥልጣኔ ምንድን ነው? በጽሑፍ ስጡኝ» እንዲል ያስተማረው ሰው የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መምህራን፣ የመጀመሪያውን ኮርስ ስትጀምሩ የፋዮልን ዝርዝር ከማስጻፋችሁ በፊት ተማሪዎቹን «አስተዳደር፣ አመራር፣ ሥራ አስኪያጅ፣ አያያዝ በምን ይለያያሉ?» ብላችሁ አከራክሯቸው። ከመጽሐፍ የማያገኙትን ከቤታቸው ያመጡታል። የሕጉንም ትርጉም አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ተመራቂዎች፣ በተለይ ወንበሩ ላይ ያላችሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ በምትፈርሙት ደብዳቤ ላይ «ማኔጅመንቱ ወስኗል» የሚለውን ሰርዙና ማን እንደወሰነ፣ በምን ምክንያት እንደወሰነ፣ ቅር ያለው ሰው ለማን አቤት እንደሚል ጻፉ። ሦስት መስመር አይሞላም፤ ባለጉዳዩን ግን ከብዙ ምልልስ ያድነዋል።

ምሳው ሳይቀዘቅዝ ላብቃ። የከርሞ ሰው ይበለን!