የጥቅምት ገበያ ከነቤተሰብ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ጥቅምት ገብቷል። ለእኛ ለመንዞች ይህ ወር የእሸት ወር ነው። ነሐሴን በብድር እህል የገፋ ቤት ጎተራው ገና ባይሞላም አፉን ያሟሻል። በመጪው የገበያ ቀን ልጆቻችንን ይዘን ወደ መሐል ሜዳ ገበያ እንውጣ የምንለው ለዚህ ነው።

ገበያው ምን አለው? የባቄላና የአተር እሸት፣ ለእንኩቶ የሚሆን የገብስ ዛላ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ቅቤ። ጽጌን ለሚጾም ባቄላው በጨው ተቀቅሎ ይበቃዋል፤ ለማይጾመው «ለጥቅምት አንድ አጥንት» እንዲሉ የመንዝ በግ አለለት፤ አቅም ያነሰን በቅርጫ እንግባ። ልጆች እህሉን በጣሳ ይስፈሩ፣ ሒሳቡን ይቁጠሩ። ማታ ምድጃ ዙሪያ እንኩቶ እያሹ «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ይባባሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ጨዋታ አለ?

ሁለት ነገር ግን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ የጓያ እሸት ለልጅ አይሰጥ። ጓያ ሲዘወተር እግር ይሰብራል፤ የተሰበረውም አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ማሳ ያለን ሰዎች እሸቱ ዋጋ አወጣ ብለን ሁሉንም አንሽጥ። ውርጭ ከሚበላው እንሽጠው የሚል ይኖራል፤ እውነትም የደጋ ውርጭ ባቄላን ባንድ ሌሊት ያቃጥላል። ቢሆንም ለዘር የሚሆነውን ለይተን እናቆይ። ማሳውን በእሸቱ የጨረሰ ሰው ሰኔ ላይ ዘር ፍለጋ እዚያው ገበያ መቆሙ አይቀርም።

እንግዲህ በገበያው እንገናኝ። መልካም የእሸት ወር!