የአማርኛ መጻፊያዬን ያሰረው ማሽን

(በአንድ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ኮምፒዩተር ተናገር ስባል «ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል» ብዬ ፈርቼ ነበርና በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ዕድሜያቸው የገፋ አጎቴ በአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ፈለጉና አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። በላቲን ፊደል ሲመቱ በግዕዝ ፊደል ትጽፋለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ጫንኩላቸው፣ ተመርቄ ወጣሁ። በማግሥቱ ስልክ ደወሉ። «ኧረ ልጄ፣ ሌባ ነው እንዴ ቤቴ ያስገባህብኝ?» ለካ ፀረ ቫይረሱ ፕሮግራሟን አደገኛ ናት ብሎ አስሯታል!

ጥፋቷን ስመረምር ግን በማሽኑ ለመፍረድ ተቸገርኩ። የአማርኛ መጻፊያ የምትመቱትን እያንዳንዱን ቁልፍ ቀድማ ካልያዘች ፊደሉን ልትለውጠው አትችልም። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራምስ ምን ያደርጋል? እሱም ቁልፍ ይይዛል። የእኔዋ ይዛ ለአጎቴ ትመልሳለች፣ ያኛው ይዞ ለጌታው ይልካል። በዚያ ላይ የእኔዋን ከዚያ በፊት ያያት የለም። ማኅተም የላትም፣ የታወቀ ኩባንያም ዋስ አልሆናትም። መታወቂያ የሌላት እንግዳ በሏት።

ለመሆኑ ይህ ፈራጅ ማን ነው? የዱሮው ፀረ ቫይረስ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነበር። የሚፈለጉ ወንጀለኞች ፎቶግራፍ ይሰጠዋል፤ የሚመጣውን ሁሉ ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ወንጀለኛው ጢሙን ተላጭቶ ቢመጣ ያልፋል። ፎቶግራፉ ያልተነሣ አዲስ ወንጀለኛማ እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚገባው።

አዲሱን ዘዴ ፈረንጆቹ ዲፕ ለርኒንግ ይሉታል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች፣ ደህናው «ደህና»፣ ክፉው «ክፉ» እየተባለ ይቀርቡለታል። ማሽኑ ይገምታል፤ ሲሳሳት በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ቁጥሮች ጥቂት ጥቂት እየተደረጉ ይታረማሉ። ይህ ሲደጋገም ከቆየ በኋላ አይቶት የማያውቀውን ፕሮግራም ብታቀርቡለት ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ጥርጣሬውን ይነግራችኋል። ለምን እንደጠረጠረ ግን አይነግራችሁም! ይህቺ ነገር የማታውቋት አይመስለኝም።

መሥራቱንስ ይሠራል፤ መካድ አይገባም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጆሹዋ ሳክስና ኮንስታንቲን በርሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ400,000 በሚበልጡ ፕሮግራሞች ሞክረው ከ100 ክፉዎች 95ቱን እንደያዘላቸው ጻፉ። በስሕተት የተያዘው ደህና ፕሮግራም ከ1,000 አንድ ብቻ ነው። ግን ቆይ! እነዚሁ ሰዎች በቆዩት ፕሮግራሞች አስተምረው ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ሲፈትኑት ውጤቱ በእጅጉ ዝቅ አለ። ያልታየውን ይይዛል የተባለው፣ ያልታየው በእርግጥ አዲስ ሲሆን ይደናገራል ማለት ነው። ከ1,000 አንዱም ቀላል አይምሰላችሁ። 100,000 ንጹሕ ፋይል ብናስመረምር 100 ንጹሓን ይታሰራሉ። የአጎቴ መጻፊያ ከነዚያ አንዷ ነበረች።

ተንኮለኛውስ ዝም ብሎ ይጠብቃል? በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሳይላንስ የተባለውን፣ በዚሁ ዓይነት ዘዴ የሚሠራ ፀረ ቫይረስ አታለሉት። ያደረጉት ነገር ያስቃል። ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የተወሰዱ ቃላትን ከክፉው ፕሮግራም ጫፍ ላይ ለጠፉበት፤ ማሽኑም «ይህስ ደህና ነው» እያለ ብዙውን አሳለፈ። ኩባንያው በኋላ አስተካክያለሁ ብሏል። ነጠላ ለብሶ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሌባ እኮ ነው!

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ዲሴምበር 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት የስለላ ሙከራ ተደረገ። አንደኛው «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» የሚል ስም የለበሰ ፋይል ነበር። ቢከፈት ፋይልና የይለፍ ቃል ይሰርቃል፣ የስካይፕ ንግግር ይጠልፋል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ መርምሮ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት፣ መሣሪያው የሚላኖው ሃኪንግ ቲም ሥራ ይመስላል አለ። መንግሥት አስተባበለ። በጁላይ 2015 የኩባንያው ሰነድ ተዘርፎ አደባባይ ሲወጣ የኢንሳ ስም ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ።

ያኔ ተማሪው ማሽን እንደ ዛሬው አልተስፋፋም ነበር። ዛሬ ቢሆንስ? እኔ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ። ማሽኑ የሚማረው ከብዛት ነው። ሚሊዮን ኮምፒዩተር የሚያጠቃ ቫይረስ ብዙ ናሙና ይተውለታል። ለሁለት ጋዜጠኛ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ግን ናሙናው ሁለት ነው። ሻጩም ሞኝ አይደለም፤ ከወጡት ሰነዶች እንደታየው ሃኪንግ ቲም ዕቃውን በገበያ ባሉት ፀረ ቫይረሶች ላይ አስቀድሞ ይፈትን ነበር። የኢሳቱን ጉድ ያወጡት ቁጭ ብለው የመረመሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያልጠበቃችሁት ፋይል ሲመጣ «ፀረ ቫይረሱ ዝም ብሏል» ብላችሁ አትክፈቱት። ላኪውን በስልክ ጠይቁት። ካጠራጠራችሁም ሳትከፍቱና ሳታጠፉት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት፤ ማስረጃው እሱ ነው።

ስለ መጻፊያዬ ለጠየቃችሁኝ፣ ለፀረ ቫይረሱ ባለቤቶች አቤቱታ ጽፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታች። በሚቀጥለው ወር ማሽኑ አዲስ ትምህርት ተምሮ መጣና እንደገና አሰራት። አጎቴ አሁን ደብዳቤያቸውን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ።