የተቋረጠን ሙያ ስለ መቀጠል
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ስለ ልብስ ንድፍ ለመናገር መቆሜ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ዳሩ ግን የምናገርላቸው ሕንዳዊት ወይዘሮ ሪቱ ኩማር ልብስን በማሳመር ብቻ ሳይሆን፣ የተበጠሰ የሥራ ሰንሰለት መልሰው በመቀጠላቸው የታወቁ ስለሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ወይዘሮ ሪቱ እ.ኤ.አ. በ1944 በአምሪትሳር ተወለዱ። በአሜሪካ የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ በካልካታ ደግሞ የቤተ መዘክር ሙያ ተምረዋል። በ1960ዎቹ ዓመታት ሥራቸውን ሲጀምሩ የነበራቸው ሁለት ትንንሽ ጠረጴዛዎችና በካልካታ አቅራቢያ የሚኖሩ የጨርቅ አታሚዎች ብቻ ነበሩ።

የእነዚህ አታሚዎች ሙያ ትልቅ ታሪክ ያለው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የሕንድ የታተመ ጥጥ በአውሮፓ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ፣ እንግሊዝ የራስዋን ሸማኔዎች ለመጠበቅ በ1700 እና በ1721 የእገዳ ሕጎች አወጣች። በኋላ ግን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ገበያውን ገለበጡት፤ ሻጭ የነበረችው ሕንድ ገዢ ሆነች። ከጥንቶቹ ጌጦች ብዙዎቹ በየቤተ መዘክሩ ሲቀመጡ፣ የባለሙያው እጅ ሥራ ፈታ።

ለመሆኑ ሙያው ምንድን ነው? ጌጡ በእንጨት ላይ ይቀረጻል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማኅተም አለው። አታሚው ማኅተሙን እያነሣ በረጅም ጠረጴዛ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ደጋግሞ ሲያሳርፍ፣ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር በትክክል መግጠም አለበት። ጥቂት ዝንፍ ቢል ስሕተቱ በጠቅላላው ጨርቅ ላይ ይታያል። ይህ ልክ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ እንጂ በወረቀት ሰፍሮ የሚገኝ አይደለም። አንድ ትውልድ ሥራውን ቢተው ቀጣዩ ከማን ይማራል?

የወይዘሮ ሪቱ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የጥንቱን ጌጥ ከቤተ መዘክር አጥንተው ወደ ባለሙያው ጠረጴዛ መለሱት፤ ሥራውንም የሚገዛ ሰው አገኙለት። ዛርዶዚ የተባለውን፣ ጨርቅ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ በወርቅና በብር ክር የሚሠራውን ጥልፍም እንዲሁ ለሙሽሮች ልብስ አዋሉት። ያጠኑትን በ1999 በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2013ም የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ክብር ሰጣቸው።

ሆኖም አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። በልብሱ ላይ የሚጻፈው የነዳፊዋ ስም ነው፤ በመወጠሪያው ዙሪያ ተቀምጠው ዓይናቸውን የሚያደክሙት ባለሙያዎች ግን ስማቸው አይታወቅም። በ2021 አንድ ታላቅ የንግድ ኩባንያ የድርጅቱን የሚበዛውን ድርሻ ገዝቷል። ትእዛዝ ሲበዛና ጊዜ ሲያጥር ማሽን እጅን ለመተካት መቅረቡ አይቀርም። ሙያው ዳነ የምንለው ባለሙያው ልጁን ለማስተማር የሚያበቃ ዋጋ ሲያገኝ ብቻ ይመስለኛል።

እኛ መሐንዲሶች የእጅን ሥራ ኋላ ቀር ብለን በማሽን ለመተካት እንቸኩላለን። እጅ የሚያውቀውን ሳንለካ ብንተካው ግን፣ ያጠፋነው ምን እንደሆነ እንኳ ለማወቅ አንችልም። ወይዘሮ ሪቱ የደረሱት የሚያስታውሱ እጆች ገና በሕይወት ሳሉ ነበር። ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ጌጡ በቤተ መዘክር ይገኝ ነበር፤ ሠሪው ግን አይገኝም ነበር።