ዳኛ የሌለበት ጨዋታ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተነበበ ንግግር




ለከባድ ሥራ በተሰበሰበ ጉባዔ ፊት ስለ ጨዋታ መናገር እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል። ጨዋታውም በሸሚዝ ኪስ በሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ወይም በአውቶቡስ ወንበር ተቀምጠው የሚጫወቱት ጎልፍ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ የቀለለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድ ሙያ ጠባይ የሚታወቀው በትልልቅ ሥራዎቹ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ማንም በማያየው ስፍራ፣ በጥቂት ዶላር ዕዳ፣ በአነስተኛ ነገር ላይ የሚያደርገው ጭምር የሙያውን ጠባይ ይገልጻል። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. የፓልም ኩባንያ «ፓይለት» የተባለውን የእጅ ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። የመሣሪያው ጠንሳሽ ጄፍ ሆውኪንስ መሣሪያው ከመሠራቱ አስቀድሞ በዚያው ልክ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር፣ በስብሰባ መካከልም አውጥቶ የሚጽፍበት መስሎ ይሞክረው እንደ ነበር የታወቀ ታሪክ ነው። ከዚያ እንጨት የተወለደው ዕቃ የሚሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ጠቅላላ ማኅደረ ትውስታው 128 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ ማያውም በወርዱ 160፣ በቁመቱ 160 ነጥቦች ነበሩት፤ ቀለም አልነበረውም። የታሰበውም ለቀጠሮ መዝገብ፣ ለአድራሻና ለማስታወሻ ነው። ሰው ግን ኪሱ ውስጥ የገባውን ሁሉ ለጨዋታም ማዋሉ አይቀርምና፣ ብዙ ሳይቆይ በየቤታቸው የሚሠሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለዚህ መሣሪያ ልዩ ልዩ ጨዋታዎችን መጻፍ ጀመሩ። ከእነዚህም አንዱ ዓይነት ጎልፍ ነበር።

ጎልፍን በእንዲህ ያለ ማያ ላይ ማስፈር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። 400 ያርድ፣ ማለትም 366 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የጎልፍ መስመር በ160 ነጥብ ቢከፈል፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከሁለት ሜትር ከሩብ የሚበልጥ መሬት ይሸፍናል። ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በደንብ እንደ ተወሰነው ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ በትክክለኛ መጠኑ ቢሳል የአንድ ነጥብን ሃያ አንደኛ እጅ እንኳ በቅጡ አይሞላም። በመሆኑም ሜዳውን በሁለት ልክ ማሳየት ግድ ይሆናል፤ ረጅሙን መስመር ከላይ እንደ አሞራ እያዩ ይጫወቱታል፤ ኳሱ ወደ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ የሣሩ ሜዳ ጎልቶ በሌላ ሥዕል ይቀርባል።

የማኅደረ ትውስታውም ጥበት እንዲሁ ነው። ባለ ጥቁርና ነጭ አንድ ሙሉ ማያ 25,600 ነጥብ፣ ማለትም 3,200 ባይት ይይዛል። የ18ቱ መስመሮች ሥዕል እንዳለ ቢቀመጥ 57,600 ባይት ይሆናል፤ ይህም ከመጀመሪያው ፓይለት ጠቅላላ ማኅደረ ትውስታ ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ባለሙያው ግን ሣሩን፣ አሸዋውን፣ ውሃውንና ዛፉን ስምንት በስምንት በሆኑ ትንንሽ ጡቦች አንድ ጊዜ ብቻ ስሎ፣ መስመሩን የጡቦች ዝርዝር አድርጎ ቢጽፈው፣ አንዱ መስመር 400 ባይት፣ 18ቱም 7,200 ባይት ይበቃቸዋል። የኳሱንም በረራ ለማስላት አንጎለ ኮምፒዩተሩ ለክፍልፋይ ቁጥር የተለየ ክፍል ስላልነበረው፣ የማዕዘኖችን ልክ አስቀድሞ በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በሙሉ ቁጥር ብቻ ማስላት ፍጥነት ይሰጣል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አያይም። የሚያየው ትንሽ ጥቁር ነጥብ ተነሥታ ስትወርድ ብቻ ነው፤ ከዚያች ነጥብ በስተጀርባ ግን የአንድ ሰው ብዙ ሌሊት አለ።

አጨዋወቱ የታወቀ ነው። ተጫዋቹ በማያው ላይ የኃይል መለኪያውን በብዕሩ ይነካል፤ መለኪያው መውጣት ይጀምራል። ሁለተኛ ሲነካ የምቱ ኃይል ይወሰናል፤ ሦስተኛ ሲነካ ደግሞ ምቱ መቅናቱ ወይም ወደ ጎን መሳቱ ይለያል። ይህ የሦስት ንክኪ ሥርዓት በሰፊው የታወቀው ሳቶሩ ኢዋታ ፕሮግራሙን በጻፈውና ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ባወጣው የጎልፍ ጨዋታ ነው። ለእጅ ኮምፒዩተርም እጅግ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ጎልፍ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ እስኪያስብ ድረስ ኳሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። መሣሪያውም ንክኪ በሚጠብቅበት ጊዜ አንጎሉን እያሳረፈ የባትሪ ድንጋዩን ይቆጥባል። ስብሰባው ሲጀመር ወይም ወረፋው ሲደርስ ተጫዋቹ መሣሪያውን አጥፍቶ ወደ ኪሱ ይከታል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ኳሱ ከነበረበት አሸዋ ውስጥ ይጠብቀዋል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚከፋፈሉት «ሼርዌር» በተባለው ሥርዓት ነበር። የዚህ ሥርዓት ታሪክ ከእጅ ኮምፒዩተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. አንድሩ ፍሉግልማን «ፒሲ ቶክ» የተባለውን የመገናኛ ፕሮግራም፣ ጂም ኖፍ ደግሞ «ፒሲ ፋይል» የተባለውን የመዝገብ ፕሮግራም ለሕዝብ አሰራጩ። ኖፍ ሥራውን የጀመረው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የአድራሻ ወረቀት ለማተም ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚጠይቀው ሰው ቁጥር ሲበዛና ማሻሻያውን የመላኩ ወጪ ሲከብደው፣ የወደዱት ሰዎች ጥቂት ዶላር እንዲልኩለት ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ቦብ ዋላስ «ፒሲ ራይት» የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ሲያወጣ «ሼርዌር» የሚለውን ስም ተጠቀመበት፤ ስሙም ጸና። የሦስቱም ቃል አንድ ነበር፤ «ፕሮግራሙን ውሰድ፤ ለወዳጅህም አካፍል፤ የሚጠቅምህ ከሆነ ግን ክፈል» የሚል ነው። በሱቅ ዕቃ ሲገዛ ገንዘብ ይቀድማል፤ እምነት ይከተላል። በሼርዌር ግን እምነት ቀድሞ ገንዘብ እንዲከተል ተደረገ። በአማርኛ ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ቃል «አደራ» ነው።

እዚህ ላይ የጎልፍና የሼርዌር ባሕርይ ይገናኛል። በአብዛኛው የጎልፍ ጨዋታ ዳኛ በተጫዋቹ አጠገብ አይቆምም። ተጫዋቹ ራሱ በራሱ ላይ ቅጣት ይቆጥራል፤ በመጨረሻም በውጤት ካርዱ ላይ ይፈርማል፤ ለአንድ ጉድጓድ ከመታው ያነሰ ቁጥር ጽፎ ቢፈርም እንደ ደንቡ ከውድድሩ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ ሊመታ በተዘጋጀ ጊዜ ኳሱ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰችበት። ከእርሱ በቀር ይህን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን አንድ የቅጣት ምት በራሱ ላይ አስቆጠረ። በውድድሩ ማብቂያ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያውም ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትቆጠር ኖሮ መለያም ባላስፈለገ ነበር። የዚያ ዓመት ዋንጫ የማክፋርሌን ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ድረስ ስለዚያ ውድድር ሲነሣ የሚወሳው የጆንስ ሐቀኝነት ነው።

በእጅ ኮምፒዩተር ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ምቱን የሚቆጥረው ማሽኑ ነውና ተጫዋቹ ስድስቱን አምስት ብሎ መጻፍ አይችልም፤ ኳሱ ውሃ ውስጥ ስትገባ ቅጣቱ ሳይለመን ይመዘገባል። ሐቀኝነት ከሜዳው ወጣ ማለት ነው። ነገር ግን ጨርሳ አልጠፋችም፤ ከሜዳው ወጥታ ወደ ክፍያው ተሻገረች። ያ ሰው ለሦስት ወር በየወረፋው የተጫወተበትን ፕሮግራም ዋጋ መክፈል አለመክፈሉን የሚመዘግብ ማሽን አልነበረም። ምቱን ኮምፒዩተሩ ይቆጥራል፤ ዕዳውን ግን የሚቆጥረው ኅሊና ብቻ ነበር።

ሁሉም እንደ ቦቢ ጆንስ እንዳልሆነ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከእምነት ወደ ቁልፍ ተሻገሩ። ከ18ቱ መስመሮች ጥቂቶቹን ብቻ ክፍት አድርገው፣ የቀሩትን ለከፈለ ሰው የሚሰጥ የምዝገባ ቁጥር እንዲከፍታቸው አደረጉ። በፓልም መሣሪያ ላይም ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ባለቤቱ መሣሪያውን ከጠረጴዛ ኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኝ ከሰጠው ስም ነበር፤ በመሆኑም የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም። ይህ ዘዴ ለደራሲው እንጀራ አስገኝቷል፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሠራበትን ዋጋ መጠበቁ ነውር የለበትም። ሆኖም የጠፋ ነገርም አለ። በር ተቆልፎ ያልሰረቀ ሰው ታማኝ ነው ለማለት አይቻልም፤ ታማኝነቱ የሚታወቀው በሩ ክፍት ሳለ ነው። ቁልፉ ዋጋውን አስከበረ፤ የተከፋዩንና የከፋዩን መተማመን ግን አላሳደገም።

ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ላለ ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ምክንያት ከአዲስ አበባ ሆኖ አሥራ አምስት ዶላር ወደ ባሕር ማዶ መላክ ለግለሰብ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ለመክፈል የፈለገም ሰው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያለ ዘመዱን ማስቸገር ነበረበት። መንገዱ መጥበቡ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የመንገዱ መጥበብ ለመክፈል ፈቃድ ማጣት መሸፈኛ ሆኗል። ለዚህ ምስክሩ እዚሁ አገር ውስጥ በብር ሊከፈልባቸው ይችሉ የነበሩ የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራሞች ዕጣ ነው። እነርሱም ከቢሮ ወደ ቢሮ በዲስኬት ሲገለበጡ መኖራቸው ለአባላቱ የተሰወረ አይደለም። በዚያ በኩል ዶላር አልጠፋም፤ የጠፋው አደራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ አድርጎታል። ነገር ግን ሕግ በየጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ሊጠብቅ አይችልም። ፊደሉን በኮምፒዩተር ላይ ያሰፈረ ባለሙያ ዋጋውን ካላገኘ ሁለተኛውን ሥራ አይሠራም፤ የሚጎዳውም እርሱ ብቻ ሳይሆን ያ ያልተሠራው ሁለተኛ ሥራ የሚያስፈልገው ትውልድ ነው።

የእጅ ኮምፒዩተሩ ዘመን አጭር ነበር። ስልክና ኮምፒዩተር አንድ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የአፕል ኩባንያ የፕሮግራም መደብሩን ሲከፍት መሸጫውም፣ ክፍያውም፣ ቁልፉም በአንድ እጅ ተጠቃለለ። ፓልም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ፤ በተከታዩም ዓመት የመሣሪያዎቹ ምርት ቆመ። የእጅ ኮምፒዩተሩ ጎልፍ በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ቀረ። ያነሣው ጥያቄ ግን አብሮ አልተቀበረም። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩባቸው የቢሮ ፕሮግራሞች፣ ፈቃዳቸው ለአንድ መሣሪያ ሆኖ በአሥር መሣሪያ የሚጫኑት ሁሉ፣ ያንኑ ጥያቄ በትልቅ ቁጥር ይደግሙታል። ጫኙም ሌላ ሰው አይደለም፤ የሙያው ባለቤት ነው። አለቃው «ጫነው» ሲለው በክፍሉ ውስጥ ዳኛ የለም፤ ያለው እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ባለሙያ ፈቃድ የሌለውን ፕሮግራም እንዲጭን ሲታዘዝ ቢያንስ እውነቱን በጽሑፍ ለአለቃው ያሳውቅ፤ በካርዱ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር መጻፍ ማለት ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ለመክፈል ያልቻለ ሰው ለደራሲው ችግሩን ጽፎ ይጠይቅ፣ ወይም በነፃ የሚሰጠውን ሌላ ፕሮግራም ይፈልግ፤ ዝምታ ግን ክፍያ አይደለም። ሦስተኛ፣ የአገር ውስጥ ደራሲ ሥራ ሲሆን ሰበብ የለምና ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሱ ይከፈል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያች ትንሽ ማያ ላይ ጥቁሯን ነጥብ ወደ ጉድጓዱ ያደረሱ ብዙ ተጫዋቾች ምን ያህል ምት እንደ መቱ ዛሬ አያስታውሱም፤ ማሽኑም ከባትሪው ጋር ረስቶታል። ደራሲው ዋጋውን ያገኘ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግን የተጫወተው ሰው ራሱ ያውቃል።